ያለ ክርክር የተሸጠ ጋን

ባፈና ሸክላ መሸጥ ከጀመረች ሠላሳ ዓመት ሊሞላት ነው፤ በዚህ ሁሉ ዘመን ግን አንድም ሰው «ዋጋ ቀንሺ» ብሏት አያውቅም። ለሌላ ነጋዴ ይህ ምርቃት ነው። እሷን ግን ያንገበግባታል። ሰው ዋጋ ይጠይቃታል፣ ትነግረዋለች፣ ወይ ይከፍላል ወይ ጥሎ ይሄዳል። ጠይብ ቅር ያሰኛትን ሰው በዓይኗ ትበላዋለች ይባላልና፣ ማን ደፍሮ ይጨቃጨቃታል? ኋላ ልጁን ቢያተኩሰው፣ ላሙ ብትነጥፍ፣ ጥፋተኛዋ ያቺ በሁለት ብር ያስቀየማት ሸክላ ሠሪ ልትሆን ነው። ስለዚህ የጠራችውን ይከፍሏታል፤ ሲከፍሏትም ፊቷን አያዩም።

አሁን ደግሞ አብዮቱ መጣና «ጠይብ» ብሎ መሳደብ ያስቀጣል ተባለ። ፊት ለፊት የሰደባት ሰው ድሮም አልነበረም። የጎረቤላ ገበያ ኮሚቴ ከሦስት ሳምንት በፊት መደቡን እንደ አዲስ ሲደለድል፣ ከአህዮቹ መቆሚያ አንስቶ መሀል ገበያ አስቀመጣት፤ ከአልዩ አምባ በርበሬ ይዛ ከምትወጣው ከኩብራ ጎን። ገበያተኛው እሷን መፍራቱ ሳያንሰው ሕጉንም መፍራት ጀመረ፤ ያተረፈችው ይህን ብቻ ነው።

የዚያን ቅዳሜ ያመጣችው አንድ ጋን ነበር። ሦስት ሠርታ ሁለቱ እሳት ውስጥ ፈነዱባት። ይኼኛው ቀኑን ሙሉ ወይራ ተማግዶበት በደህና ወጣ፤ ሆዱ ቀይ፣ ነበልባል የላሰው ጎኑ ጥቁር፣ በጣት ሲያንኳኩት ጥርት ያለ ድምፅ የሚሰጥ። አንገቱ ብቻ ወደ ግራ ትንሽ አዘንብሏል። ባፈና ይህን ስታይ እንዲያውም ደስ አላት። እንከን ያለበትን ዕቃ ሰው መቼም ሳይከራከር አይገዛም ብላ ተስፋ አደረገች። በጀርባዋ አዝላ ሁለት ሰዓት ዳገት ወጣች።

ኩብራ ከጠዋት ጀምራ ስትጨቃጨቅ ነበር። አንዱን ጣሳ በርበሬ ሁለት ብር ትላለች፤ በአንድ ከሃምሳ የጠየቃትን ሁሉ ታዋርደዋለች። «ወላሂ፣ በዚህ ዋጋ አቧራውንም አልሰጥህም» ትለዋለች። ሰውየው ተቆጥቶ ይሄዳል፣ ይመለሳል፣ ይሰዳደባሉ፣ ይሳሳቃሉ፣ በመጨረሻ በአንድ ሰማንያ ይስማማሉ። ባፈና ይህን እያየች ቅናት አንጀቷን በላት። ከእሷ ጋር እንዲህ አፍ የተካፈተ፣ እንዲህም ስቆ የተለያየ ገዢ አልነበረም።

«ዛሬስ ያልተከራከረኝ ሰው ይህን ጋን አይወስደውም» አለቻት ለኩብራ።

«ሞልቶልሽ ነው፣ እቴ» ብላ ሳቀች ኩብራ። «እኔ የጠራሁትን የሚከፍል ባገኝ እግሩን እስምለት ነበር።»

አራት ሰዓት ላይ ወይዘሮ አስካለማርያም መጡ። የመሪጌታ ገብረ ጻድቅ ባለቤት ናቸው፤ ጠላ የሚጠምቁበት ጋን ተሰብሮባቸው የደብሩ ንግሥ ሳምንት ቀርቶታል።

«ስንት ነው፣ እመይቴ?» አሉ፣ ዓይናቸውን ከጋኑ ሳያነሱ።

የመሪጌታ ሚስት ሸክላ ሠሪዋን ፈርተው «እመይቴ» ማለታቸው ራሱ ለአንድ ቀን የሚበቃ ስድብ ነበር። ባፈና ግን ዋጠችው።

«ስምንት ብር።»

አሥር ብር ዘረጉላት። «መልሱ ይቅር።»

«ስምንት ነው ያልኩት። ደግሞ አንገቱን ይዩት እንጂ፣ ጠሟል። ሰባት ቢሉኝ እሰጥዎታለሁ።»

ወይዘሮዋ ደነገጡ። የገዛ ዕቃዋን የምታጣጥል ጠይብ ከብር ሌላ የምትፈልገው ነገር አላት ማለት ነው። «ኧረ ምንም አልሆነ፣ ቀጥ ያለ ነው። አሥራ ሁለት ይሁን።»

«ስድስት» አለች ባፈና፣ ጥርሷን ነክሳ።

«አሥራ አራት።»

«ኧረ በማርያም። አምስት ብር።»

«አሥራ አምስት። ከዚህ በላይ አልያዝኩም፣ በልጆቼ አትምጪብኝ» አሉ።

ባፈና በገነች። ስለ ልጅ ማን አነሳ? ሴትዮዋ ስንት ልጅ እንዳላቸው እንኳ አታውቅም። የምትፈልገው «አንገተ ጠማማ ጋን ይዘሽ መጥተሽ ስምንት ብር ትያለሽ?» የሚል አንድ ሰው ብቻ ነው።

ይህን ጊዜ የገበያው ኮሚቴ ሊቀ መንበር ጓድ ተንሣኤ ደረሰ። እናት አባቱ ያወጡለት ስም ወልደተንሣኤ ነበር፤ አብዮቱ ሲመጣ ወልዱን አራገፈው። ግርግሩ ምን እንደሆነ ጠየቀ፤ ባፈናም ቢቸግራት እውነቱን ነገረችው።

«ጓዲት አስካለማርያም» አለ፣ ደረቱን ነፍቶ፣ «ሠርቶ አደሩን ማግለል ቀርቷል። እንደ ማንኛውም ሻጭ ተከራከሪያት።»

ወይዘሮዋ ቀጥ ብለው ቆሙ። «ሰባት» አሉ፣ በሹክሹክታ።

«ድምፅሽን ከፍ አድርጊ።»

«ሰባት ብር።»

«እኩልነት ማለት ይኸው ነው» አለ ጓድ ተንሣኤ። ደብተሩ ላይ አንድ ነገር ጫር አድርጎ ወደ ቅቤ ተራ አለፈ።

ሠላሳ ዓመት የጠበቀችው ቃል ነበር፤ በትእዛዝ ሲመጣ ግን ባፈና አፈረች። ለራሷም ለሴትዮዋም አፈረች። እሳቸው ሰውየው ጀርባውን እስኪያዞር ጠበቁና አሥራ አምስቱን ብር ባፈና ያነጠፈችው የማዳበሪያ ጆንያ ላይ አስቀመጡ። ሁለት ጎረምሶች ጋኑን አህያቸው ላይ ጫኑላቸው፤ እየተቻኮሉ ሄዱ።

ባፈና ስምንት ብሯን አስቀርታ ሰባቱን ይዛ ተከተለቻቸው። «ወይዘሮ አስካለማርያም፣ ትርፉን ይውሰዱት» እያለች ሮጠች። ጠይብ ስትሮጥ ያየ ገበያተኛ መንገድ ለቀቀላት፤ እናቶች ልጆቻቸውን ጎትተው ቀሚሳቸው ሥር ሸሸጉ። ወይዘሮዋ ዞር ብለው ሲያዩዋት አህያውን ዠለጡት፤ አህያውም መጋለብ ሲጀምር ጋኑ ጀርባው ላይ ዘለለ። ባፈና ቆመች። ትንሽ ብትገፋ ያ የሦስት ሳምንት ልፋቷ ድንጋዩ ላይ ሊፈርስ ነው። ሰባቱን ብር ጨብጣ ተመለሰች።

«ተይው፣ እቴ» አለቻት ኩብራ እየሳቀች። «አላህ የሰጠሽን ሲሳይ ምን ያስመልስሻል?»

ሳቋ ባፈናን አሳረፋት። በዚህ ሁሉ ሰው መሀል ቢያንስ ከእሷ ጋር የምትስቅ አንዲት ሴት አለች። እስከ ዛሬ ከኩብራ ምንም ገዝታ እንደማታውቅም ትዝ አላት።

«በይ እስኪ አንድ ጣሳ በርበሬ ስፈሪልኝ» አለቻት። «በስሙኒ።»

ሁለት ብር የሚሸጥ በርበሬ በስሙኒ መጠየቅ ስድብ ነው። ባፈና መልሱን በጉጉት ጠበቀች፤ «አቧራውንም አልሰጥሽም» ስትላት የምትመልስላትን ሁሉ አዘጋጅታ ነበር።

ኩብራ ሳቋን ተወች። ጣሳውን እስኪቆለል ሞላችው፣ በእፍኟም ጨመረችበት። «ያልሽው ይሁን» አለች፣ ዓይኗን ጣሳው ላይ ተክላ።

«ሁለት ብር ነው እኮ የምትሸጪው።»

ኩብራ በርበሬውን የባፈና ነጠላ ላይ ገለበጠችና ሌላ ገበያተኛ ጠራች።