ሪባኑ እስኪቆረጥ

የእድራችን መጻሕፍት ድሮ የሚኖሩት ከድስቶቹ ጋር ነበር። አዲስ አበባ የሚኖር አንድ የከተማችን፣ የቆሰበር ልጅ ቤት ሲቀይር የሚያደርጋቸው ቢያጣ በካርቶን አሽጎ ለእድሩ ላካቸው፤ እድሩም የሚያደርጋቸው ቢያጣ ዕቃ ቤቱ ውስጥ፣ በትልልቆቹ ብረት ድስቶችና በተጠቀለለው ድንኳን መካከል ደረደራቸው። ስለዚህ መጽሐፎቻችን ሁሉ ሽንኩርት ሽንኩርት ይሸቱ ነበር። የፍቅር ልብ ወለድ ስትገልጥ የተዝካር ወጥ ያውድሃል። አንባቢ የሚቀመጠው በእድሩ አግዳሚ ላይ ስለነበር፣ ሰው የሞተ ዕለት አግዳሚዎቹ ወደ ለቅሶ ቤት ይሄዳሉ፣ አንባቢው ቆሞ ያነባል። በበሩ የሚያልፍ ሰው ቆሞ የሚያነብ ካየ «ማን ሞተ?» ብሎ ይጠይቃል እንጂ ምን እያነበብክ ነው አይልም።

የዕቃ ቤቱ ቁልፍ ያለው ሙሉሰው ወገብ ላይ ነበር። ሙሉሰው የእድሩ ዕቃ ያዥም ለፋፊም ነው፤ ሰው ሲሞት በድምፅ ማጉያ ሰፈር ለሰፈር እየዞረ የሚያስታውቀው እሱ ነው። መጽሐፍ ማዋስ ሥራው ላይ የተጨመረበት ቁልፉ እሱ ዘንድ በመሆኑ ብቻ ነው። ራሱ ግን አያነብም። ማንበብ አቅቶት አይደለም፤ እትዬ የወርቅውሃ ስላሉለት ነው።

እትዬ የወርቅውሃ ከእድሩ ግቢ በስተጀርባ ይኖራሉ። በልጅነታቸው በመሠረተ ትምህርት ፊደል ቆጥረዋል፤ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ደግሞ መጽሐፍ ይዟቸዋል፣ ሌላውን ሰው ዛር እንደሚይዘው። ጠዋት ጉሙ ተነሥቶ ፀሐይ የዕቃ ቤቱን ግድግዳ ማሞቅ ስትጀምር ብቅ ይላሉ። በአንድ እጃቸው ያነበቡት መጽሐፍ፣ በሌላው በጨርቅ የተቋጠረ ትኩስ ቅቅል ድንች። ግድግዳውን ተደግፈው ይቀመጣሉ። ሙሉሰው ድንቹን ይልጣል፣ ጨውና ሚጥሚጣ እየነካካ ይበላል፤ እሳቸው ያነበቡትን ይነግሩታል።

ሲነግሩት ደግሞ ምንም አይዘሉም። ሰውዬው ምን ለብሶ እንደመጣ፣ በቅሎዋ በየትኛው እግሯ እንደምታነክስ፣ ሴትየዋ በሩን ስትከፍት እጇ ላይ ሊጥ እንደነበረ፣ ሁሉን። መጽሐፉ ውስጥ ያለ ሰው ካናደዳቸው ስድቡ በአዊኛ ይሆናል፤ አማርኛ ለእንዲህ ዓይነቱ አይነክስም ይላሉ። ድንቹ ሲያልቅ ወሬውም ያልቃል፣ አቧራቸውን አራግፈው ሌላ መጽሐፍ ይዘው ይሄዳሉ። ሙሉሰው በሕይወቱ ከዚያ የተሻለ ነገር ነበረው ብል ውሸቴን ነው። ያን ጊዜ ግን እሱ እንዲህ ብሎ አላሰበውም። ድንችም ወሬም ሁልጊዜ ያለ ነገር ይመስለው ነበር።

ኋላ እድራችን የንባብ አዳራሽ ሠራ።

ሊቀ መንበሩ ጋሽ ይኸነው «ከድስት ጋር የሚያድር እውቀት ያሳፍራል» እያሉ በየስብሰባው ሲናገሩ ከርመው፣ ሰፊ መስኮት ያለው፣ መደርደሪያው ሁሉ በመስታወት የሚዘጋ ቤት ቆመ። በውሰት የወጣ መጽሐፍ ሁሉ ለቆጠራ ይመለስ ተባለ። መጻሕፍቱ ተወልውለው፣ ቀዩ ከቀዩ፣ አረንጓዴው ከአረንጓዴው ጋር ተደርድሮ ገባ። ከዚያ አዳራሹ ተቆለፈ፤ ቁልፉም ሙሉሰው ወገብ ላይ ተጨመረ። አልተመረቀማ! ለመመረቅ የክብር እንግዳ ያስፈልጋል። የክብር እንግዳ ከላይ ነው የሚመጣው። ከላይ የሚመጣ ሰው ደግሞ ስብሰባ አለበት።

ቆጠራው ሲመጣ እትዬ የወርቅውሃ አንድ ቀይ ሽፋን ያለው ልብ ወለድ ከግማሽ አሳልፈው ነበር። ታሪኩ የአንዲት ባለ ምግብ ቤት ሴት ነው፤ ባሏ አባቷ ያወረሷትን ዳማ ፈረስ ገበያ ወስጄ ልሽጥልሽ ብሎ ወጥቶ ቀረ። እትዬ የወርቅውሃን የባልየው መቅረት ያን ያህል አላስጨነቃቸውም፣ የፈረሱ ነው እንጂ። የደረሱበት ገጽ ላይ ከነጠላቸው ጫፍ አንድ ክር በጥሰው አስገቡና መጽሐፉን መለሱ።

«ለጥቂት ቀን ነው እትዬ» አላቸው ሙሉሰው።

ጥቂቱ ቀን ሳምንት ሆነ፣ ሳምንቱ ወር። እሳቸው ድንቹን ይዘው መምጣታቸውን አልተዉም።

«ሙሉሰው፣ ያ ሌባ መጣ ወይስ እንደወጣ ቀረ?»

«የቱ ሌባ?»

«የኔው ነዋ! ፈረሷን ይዞባት የጠፋው።»

«ኧረ እኔ ምን አውቄ፣ እርስዎ ሳይነግሩኝ።»

«እንግዲያው መጽሐፉን አምጣና ልንገርህ።»

«ሳይመረቅ?»

«የሚመረቀው ቤቱ አይደለም እንዴ? መጽሐፉ ምን አደረገ? የስንት ሬሳ ወጥ ሲታጠን የኖረ መጽሐፍ፣ ከዚህ ወዲያ ምን ምርቃት ያሻዋል!»

ሙሉሰው ሳቀ። እሳቸው ግን አልሳቁም።

«ስማኝ ልጄ። ባሕር ዳር ያየኝ ሐኪም ዓይንዎን ግፊት ይዞታል አለኝ። የሄደው አይመለስም፣ የቀረውንም በመድኃኒት ትንሽ እናቆየው እንደሆን ነው አለ። ዳር ዳሩ ጠፍቶብኛል፤ አሁን የማየው በቁልፍ ቀዳዳ እንደማጮልቅ ነው። በቀዳዳውም ቢሆን ያችን መጽሐፍ እጨርሳታለሁ። ሌላ አምጣ አልልህም።»

ሙሉሰው ያኑ ቀን ጋሽ ይኸነው ቤት ሄደ።

«አንድ መጽሐፍ ናት ጋሼ። ወዲያው ትመለሳለች።»

«ሙሉሰው፣ አንድ ጥርሱ የወለቀ ሰው ሲስቅ ዓይንህ የሚያርፈው የት ነው? ካሉት ጥርሶች ላይ ነው ወይስ ከወለቀው?»

«ከወለቀው።»

«የእንግዳውም እዚያው ነው የሚያርፈው።»

«ሌላ መጽሐፍ በቦታዋ ባስገባስ?»

«የዚያኛውስ ቦታ?»

«ዓይናቸው እኮ እየጠፋ ነው ጋሼ» አለ ሙሉሰው ቀስ ብሎ።

«እግዜር ይማርላቸው። የምርቃቱ ለት የመጀመሪያዋ አንባቢ እሳቸው ናቸው፣ ፎቶም እናነሣቸዋለን። ደግሞ እንግዳው ነገ ከነገ ወዲያ ይመጣሉ ተብሏል።»

እንግዳው አልመጡም። በሩ ላይ የታሰረው ሪባን ክረምቱን ሙሉ ዝናብ ሲወርድበት ቀለሙን ለቆ ነጣ፤ ሌላ ተገዝቶ ታሰረ። ከዚያ እንግዳው ተዛወሩና ለአዲሱ እንግዳ እንደገና ጥሪ ተጻፈ። አዲሱም እንግዳ ስብሰባ ነበረባቸው።

እትዬ የወርቅውሃ አሁንም ይመጣሉ፤ የልጅ ልጃቸው ሸጋ እጃቸውን ይዛ ነው የምታመጣቸው። ከሙሉሰው ጋር ግድግዳውን ተደግፈው ድንቹን ይበላሉ። የሚነገር ግን የለም። ድንቹ ያው ድንች ነው፤ ያለ ወሬ ሲበላ ግን ያንቃል።

አንድ እሑድ፣ ሰፈሩ ሁሉ ቤተ ክርስቲያን በሄደበት ሰዓት፣ ሙሉሰው አዳራሹን በጓሮ በር ከፍቶ ገባ። ቀዩን መጽሐፍ አወጣና ጋቢው ውስጥ ደበቀ። ክሩ እንዳለ ነው። ሊወጣ ሲል ዞር ብሎ መደርደሪያውን አየ። አየሃ፣ ጋሽ ይኸነው እውነታቸውን ኖሯል፤ ያ ሁሉ መጽሐፍ ከዓይኑ ጠፍቶ ክፍተቷ ብቻ ቀረች። ጥርሱ የወለቀ ሰው ፊቱ ቆሞ የሚስቅበት መሰለው። መጽሐፉን ከነበረበት መለሰ፣ በሩን ቆለፈ፣ እየሄደም ራሱን «አደራ አልበላሁም» ብሎ አጽናና። የእትዬ የወርቅውሃ ቤት በር ከዚያ ድንጋይ ቢወረወር ይደርሳል። በሌላ መንገድ ዞሮ ሄደ።

ምርቃቱ የሆነው በሚቀጥለው ዓመት ጥቅምት ላይ ነው። ሪባኑ ተቆረጠ። እንግዳው ወደ ውስጥ ሲገቡ በመደርደሪያው ፊት ቆም አሉና «እንዴት አዲስ ናቸው!» አሉ።

«ማንም አልነካቸውም» አሉ ጋሽ ይኸነው በኩራት።

ለፎቶ አንድ መጽሐፍ ይያዙ ተባለ። የእንግዳው እጅ ወደ ቀዩ ሄደ፤ ቀይ ፎቶ ላይ ያምራል። መሐሉን ገለጥ ሲያደርጉት ነጩ ክር ተንሸራቶ ወለሉ ላይ ወደቀ። ሙሉሰው አይቶታል። ሊያነሣው ጎንበስ ሲል የፎቶ አንሺው ጫማ ረገጠውና ይዞት ሄደ።

እትዬ የወርቅውሃም በተባለው መሠረት የመጀመሪያዋ አንባቢ ሆነው ከፊት ተቀመጡ። መጽሐፍ እጃቸው ላይ ተደረገላቸው።

«እማማ፣ ወደዚህ ይመልከቱ» አለ ፎቶ አንሺው።

እሳቸው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

«ወደዚህ እማማ፣ ወደኔ!»

ሸጋ መጥታ አገጫቸውን ይዛ ቀስ ብላ አዞረችላቸው። የቁልፍ ቀዳዳዋም መዘጋቷን ሙሉሰው ያን ጊዜ ነው ያወቀው። ተጨበጨበ።

በማግሥቱ ጉሙ ሲነሣ ቀዩን መጽሐፍ ይዞ ቤታቸው ሄደ። ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ እየሞቁ ነበር። ላንብብልዎ አላቸው።

«ክሬ ያለበትን ግለጥ።»

«ክሩ ወድቋል እትዬ።»

«እንግዲህ ከዚህም ከዚያም ሞክር» አሉት። ገለጠና አነበበላቸው። ይሄን አልፌዋለሁ አሉ። ሌላ ቦታ አነበበ። እዚህ ገና አልደረስኩም፣ ተመለስ አሉ። እንዲህ ሲሉ ቆይተው ቦታዋ ተገኘች፤ ሙሉሰውም ጉሮሮውን ጠራርጎ ጀመረ። ዕድሜውን ሙሉ ጮክ ብሎ የተናገረው ነገር አንድ ብቻ ነውና፣ ለልብ ወለዱም ያንኑ ድምፅ ሰጠው።

«ቆይ፣ ቆይ» አሉ እትዬ የወርቅውሃ። «ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም እትዬ። በር ተንኳኳ ነው የሚለው።»

«ባንተ አፍ እኮ ሬሳ ነው የመጣው!»

ሁለቱም ሳቁ። ልክ እንደ ድሮው። ሳቁን ቀድመው የተዉት እሳቸው ናቸው።

«ተወው ልጄ። ለራስህ አንብበውና ሲያልቅ መጥተህ ንገረኝ። እኔ እነግርህ እንደነበረው።»

ሙሉሰው እየተጋ አነበበው፤ ከትምህርት ቤት ወዲህ የጨረሰው የመጀመሪያ መጽሐፍ ነው። እንደጨረሰ እየሮጠ ሄደ። ሸጋ ድንች ቀቅላ አቅርባለች።

«መጣ እትዬ! ይቅርታ ጠየቃት። አላስገባችውም።»

«እሺ?»

«በቃ። እዚያ ላይ ያልቃል።»

እትዬ የወርቅውሃ ጠበቁት። «ምን ለብሶ መጣ?»

ሙሉሰው አሰበ። አላስታወሰም።

«እሷስ ስትከፍትለት እጇ ላይ ምን ነበር?»

እንጃ አለ። እፍረቱ ሲበዛበት በተቀመጠበት ተቁነጠነጠ፣ ወገቡ ላይ ያለው ብረት ተንቃጨለ። ጆሮአቸውን ወደዚያ አዘነበሉ።

«ቁልፉ ነው?»

«አዎ እትዬ።»

«ያን ጊዜም ካንተው ጋር ነበር?»

«ነበር።»

ሳህኑን በእጃቸው ዳብሰው አንድ ድንች አነሡ፣ ዳብሰው ላጡት፣ ጨው አስነክተው እሱ ወዳለበት ዘረጉለት። ተቀበላቸው፤ ግን አልጎረሰውም።

«ፈረሱስ?» አሉ።

ሙሉሰው ድንቹን ሳህኑ ላይ መለሰ።

«አላየሁትም እትዬ» አላቸው።