የጠገነ ይቅደም

ይታየው መፍቻዎቹን በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልሎ ሲጣደፍ ላየው ሰው፣ ሥራ ጨርሶ የሚሄድ ሳይሆን ሰርቆ የሚያመልጥ ይመስል ነበር። ገና ማለዳ ነው፤ ፀሐይዋ የዓባይን ሸለቆ ታች አልደረሰችም። ከንፋስ መውጫ ተጠርቶ፣ እስከ ወገዳ በመኪና ከወገዳ ወዲህ በእግሩ መጥቶ፣ አራት ቀን ሙሉ አንዲት ጀልባ ሥር ተንጋሎ ሰንብቷል።

"ጋሼ ይታየው፣ ወዴት ነው?" አለ ፈይሰል፣ የጀልባዋ ነጂ። "ገበያተኛው አራት ሰዓት ላይ ይደርሳል። የጠገነ ይቅደም ነው እኮ ሥርዓታችን!"

እውነቱን ነው። እዚህ መሻገሪያ ላይ ጀልባዋን የነካ ሰው፣ ብሎን ያጥብቅ ቀዳዳ ይድፈን፣ የመጀመሪያው ጉዞ ላይ ከሰው ሁሉ ፊት ይቀመጣል። በወረቀት የጻፈው የለም፤ ግን ከወረቀት ይጠነክራል።

"ንፋስ መውጫ አንድ አይሱዙ ከነጭነቱ ቆሞ እየጠበቀኝ ነው" አለ ይታየው።

ውሸቱን ነው። የሚጠብቀው አይሱዙም፣ ጋሪም የለም። ውሃ ይፈራል፤ ይኸው ነው። ይህን ደግሞ ከታላቅ እህቱ ከፋንቱ በቀር የሚያውቅ ሰው አልነበረም። እሷም እዚያው አለት ላይ ተቀምጣለች፤ ማዶ ጎጃም የተዳረች ልጇ ወልዳ አራስ ጥየቃ ልትሻገር፣ ቅቤና የገንፎ ዱቄት ቋጥራ።

ፋንቱ ወንድሟን ቀና ብላ አየችውና ወደ ፈይሰል ዞረች። "ተወው ይሂድ። በሱ ቦታ እኔ እቀመጣለሁ። እህትና ወንድም አንድ ነው፣ ሥርዓቱ አይጓደልም።"

ይታየው አላመሰገናትም። ዓይኗንም አላየም። ከረጢቱን ትከሻው ላይ ጣለና ዳገቱን ተያያዘው።

ከሃያ ዓመት በፊት እዚሁ ቦታ ላይ፣ እሱና ታናሽ ወንድሙ በላይነህ የተነፋ ስልቻ ታቅፈው ሊዋኙ ቆመው ነበር። ታላቅ ነውና መቅደም የነበረበት ይታየው ነው። ውሃው ደፍርሶ ሲያይ ግን ፈራ። "ቅደም፣ እከተልሃለሁ" አለው። በላይነህ ቀደመ። ስልቻው ማዶ ወጣ፣ ልጁ አልወጣም። ይታየው ከዚያ ወዲህ አገሩን ጥሎ ንፋስ መውጫ ገባ፤ ጋራዥ ተቀጠረ፣ ቆይቶም የራሱን ከፈተ። ድፍን ጋይንት "እጁ የተባረከ" ይለዋል።

ታዲያ ዛሬ ያ የተባረከ እጁ ይበላው ጀመር። ዳገቱን እየወጣ የሠራውን በልቡ ይቆጥራል። ይህች ጀልባ ጣና ላይ አርጅታ የተሰናበተች ናት፤ የመሻገሪያው ማኅበር ገዝቶ፣ መኪና መግባት ያቃተውን ቁልቁለት ስልሳ ጎልማሳ እንደ ጎጆ ክዳን ተሸክሞ ነው ያወረዳት። ሞተሯ ሆዷ ውስጥ ነው፤ እግሯ ግን የኋላ ግድግዳዋን በስቶ ወጥቶ፣ ፕሮፔለሩን ይዞ ውሃ ውስጥ ይንጠለጠላል። መሪው ሲዞር ከሱ የተያያዘው ገመድ ያንን እግር ወዲያና ወዲህ ይገፋዋል። አምና እግሩ ወንዙ መሐል ያለውን ቋጥኝ ገጭቶ፣ መያዣው ላልቶ፣ ግድግዳው በስብሶ፣ መሪው በባዶ ይዞር ነበር።

የበሰበሰውን ቆርጦ ዋንዛ ገጠመበት፤ አጥብቋል። ደብረ ታቦር ቶርኖ ቤት ያስወጣውን ቡሽ የሚሉትን የብረት ቀለበት መያዣው ውስጥ አስገባ፤ ልክ ነው። ውሃ የሚከለክለውን ጎማ ቀየረ፤ አሥሯል። ገመዱንም ቀየረ።

ገመዱ ላይ ሲደርስ ቆጠራው ይቋረጥበታል። ለምን እንደሆነ አያውቅም። "ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል" ትል ነበር እናቱ፤ እሱ ደግሞ ከጉዞው በፊት ለመሹለክ ሲል፣ ሥራውን ሁሉ ሲሮጥ ነው የታጠቀው። ምኑን ረሳ? ቆመ፣ ሄደ፣ እንደገና ቆመ። ስልኩን አወጣ፤ ኔትወርክ ድሮም አልነበረ።

አናቱ ላይ ሲወጣ አያ ታፈረ የሚባሉ ሽማግሌ የጤፍ ማሳቸውን ያርሳሉ። ይታየው ሰላምታ ሰጥቶ ሊያልፍ ሲል ዓይኑ እርፉ ላይ ተተከለ። ማረሻው ወደ ግራ አፈንግጦባቸው ነበር። ሽማግሌው እርፉን ወደ ግራ ገፋ አደረጉት፤ የማረሻው ጫፍ ወደ ቀኝ ተመለሰ።

"አያ ታፈረ፣ እስቲ እንደገና! እስቲ ወደ ቀኝ ይስደዱት!"

"ምነው ልጄ፣ ከተማው ሰለቸህና ማረስ ልትማር ነው?" ሳቁ ሽማግሌው። "ከኋላ ሆነህ የምትነዳው ነገር እንዲህ ነው። ቀኝ ትፈልጋለህ፣ ጭራውን ግራ ትገፋለህ። በል ቦራ! ና!" አሉ ወደ በሬያቸው።

ይታየው መሬት ላይ ዘጭ አለ።

ሦስተኛው ቀን ላይ፣ ፈይሰል ነዳጅ ሊገዛ ወገዳ ወጥቶ ሳለ፣ እንደ አሮጌው አድርጎ ያሰረውን አዲስ ገመድ ሲሞክር መሪውን ወደ ቀኝ አዞረ፤ ፕሮፔለሩን የያዘው የጀልባዋ እግር ጭራ ወደ ቀኝ ሄደ። "ማን ደደብ ነው ገልብጦ ያሰረው!" ብሎ ሳቀ። ዕድሜውን የመኪና የፊት ጎማ ሲያይ የኖረ ሰው ነውና፤ መሪው ወደ ቀኝ ሲዞር የጎማው ጀርባ ወደ ግራ ነው የሚሄደው። ገመዱን ከመሪው ሳጥን ፈታ፣ በሌላው ወገን አሰረ፣ እጁን ጠረገ። ጀልባ የፊት ጎማ የላትም! የሚነዳት ጭራዋ ነው! የእግሯ ጭራ ቀኝ ሲሄድ ፕሮፔለሩ ጀርባዋን ወደ ግራ ይገፋል፣ ፊቷ ወደ ቀኝ ይመለሳል። ትክክል የነበረውን እሱ ራሱ ገልብጦታል። ፈይሰል ቋጥኙን ሽሽት መሪውን ሲጠመዝዝ፣ ቀጥ ብላ ቋጥኙ ላይ ትወጣለች። ፊት የተቀመጠችው ደግሞ ፋንቱ ናት፣ በሱ ቦታ።

"ወይኔ እህቴን!"

ከረጢቱን ማሳው ላይ ጥሎ፣ አንዲት መፍቻ ብቻ ጨብጦ ቁልቁል በረረ። ወደቀ፣ ተነሣ፣ ጉልበቱ ተላጠ። ሰዓቱን እያየ ይሳደባል፤ ራሱን፣ መኪናን ሁሉ፣ ጎማ የፈለሰፈውን ሰው። ሦስት ሰዓት ተኩል። ለአራት ሩብ ጉዳይ። "በላይነህን ወሰድክ፤ እሷን እንኳ ተውልኝ" ይለዋል ዓባይን፣ እያለቀሰ።

ሲደርስ ሰዉ ተሳፍሯል፣ ሞተሩ ይጮኻል፣ ፈይሰል ጀልባዋ የታሰረችበትን ገመድ ከጉቶው እየፈታ ነው። ፋንቱ ከሁሉ ፊት ነጠላዋን አጣፍታ ተቀምጣለች።

"መጣ! አላልኳችሁም?" አለች ወደ ሰዉ ዞራ። "ወንድሜ ፈሪ አይደለም!"

እልልታው ቀለጠ። ሰዉ ጠጋ ጠጋ ብሎ ቦታ ለቀቀለት። እዚህ ላይ፣ እግዜር ያሳያችሁ፣ ሰይጣን ጆሮው ሥር ገባ፦ "ለፈይሰል ብቻ ሹክ በለው። መሪውን በተገላቢጦሽ ያዙረው፣ ማዶ ስትደርሱ ታስተካክለዋለህ። ማን ያውቃል?" አፉን ከፈተ። የፋንቱን ፊት አየ፤ በሱ ኮርታለች።

"ውረዱ!" አለ። "ሁላችሁም ውረዱ። መሪው ተገልብጧል። የገለበጥኩት እኔ ነኝ። ሸሽቼም ነበር።"

ከዚያ መውረድ ሆነ፣ ጩኸት ሆነ፣ እርግማን ሆነ። አንዱ "ባለ እጅ ተብዬ!" ብሎ ተፋ። ይታየው መሪው ሥር ገባ፣ ብሎኖቹን ፈታ፣ ገመዱን ወደ ቀድሞ ወገኑ መለሰ። ፈይሰልን ከኋላ አቁሞ "ጭራው ወዴት ሄደ?" እያለ ሦስት ጊዜ አስጮኸው። ግማሽ ሰዓት አልፈጀም።

ሲጨርስ ግን የሚሳፈር ጠፋ። ይታየው ብቻውን ገባና ፊት ተቀመጠ። የጀልባዋን ጠርዝ በሁለት እጁ ጨበጠ፤ ፍርሃቱን ሊደብቅም አልሞከረም። ፈይሰል "ቢስሚላህ" ብሎ መሪውን ያዘ። ያኔ ፋንቱ ቋጠሮዋን አንስታ ዘው አለች።

"እታለም፣ አንቺ ቆይ! መጀመሪያ ይሞከር!"

"አራሷ ትጠብቀኛለች" አለችና አጠገቡ ተቀመጠች።

መሐል ላይ ውሃው ያዛቸው። ቋጥኙ በግራ በኩል እየቀረበ መጣ። ፈይሰል መሪውን ወደ ቀኝ ጠመዘዘው፤ ጀልባዋ ፊቷን ወደ ቀኝ መለሰች፣ ቋጥኙም አለፈ። ይታየው የእህቱን ነጠላ ጫፍ ጨምድዶ ይዟል።

"እታለም" አለ። "በላይነህን ቅደም ያልኩት እኔ ነኝ። ተራው የኔ ነበር።"

"አውቃለሁ።"

"ማን ነገረሽ?"

"አለቱ ላይ ቆሜ አይቻችሁ ነበር።" የጨመደደውን እጁን ከነጠላዋ ሳታላቅቅ በእጇ ሸፈነችው። "ሃያ ዓመት እስክትነግረኝ ጠበቅኩ። በል አሁን ቀና በል፣ ደርሰናል።"