እስከ ታች ያልተነበበው ገጽ

ካሎላይኔ አባቷን ከተቀየመች ዓመት ሊሆናት ነው፤ እሳቸው ግን መቀየሟንም አያውቁም። በደሴቶቹ መካከል የሚመላለሱት ጀልባዎች የት እንደደረሱ የሚያሳየውን የስልክ ገጽ የሠራችው እሷ ናት። ከገጹ ግርጌ ለአባቷ አንዲት መስመር ጽፋለች። አባቷ ሴሚሲ ዕድሜያቸውን በባሕር ላይ ፈጅተው ዛሬ ዓይናቸው አያይም፤ ገጹን ስልኩ እያነበበላቸው በየቀኑ ያዳምጡታል። ስለዚያች መስመር ግን ትንፍሽ ብለው አያውቁም። "ግሩም ነው፣ ልጄ" ይላሉ፣ በቃ።

ቅዳሜ ከሰዓት በረንዳው ላይ አጠገባቸው ተቀምጣ ታሮ የሚሉትን ጎደሬ ስትልጥ የስልኩን ድምፅ ሰማች። ወደ ኤኡዋ ደሴት የምትሄደዋን ጀልባ ጠራ፣ ወደ ሃአፓይ የምትሄደዋን ጀመረ፣ ከዚያ ቁርጥ ብሎ እንደገና ኤኡዋ አለ። ደግሞ ኤኡዋ። ደግሞ ኤኡዋ።

"አባዬ፣ ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚልህ?"

"የኔ እጅ ነው የሚያበላሸው መሰለኝ። ሁለተኛዋ ጀልባ ድረስ እሰማለሁ፣ ይበቃኛል።"

ቢላዋዋን አስቀመጠች። አንዲት ጀልባ ፈቀቅ ባለች ቁጥር ገጹ በሙሉ እንደ አዲስ እንዲሣል ያዘዘችው ራሷ ነበረች። የሚያይ ሰው ልብ አይለውም፤ የሚያነበው ድምፅ ግን የደረሰበት ይጠፋውና ከላይ ይጀምራል። ይህን ሁሉ ጊዜ ያኮረፈችው በገዛ ጥፋቷ ነበር።

ነገ እሑድ ነው፣ ሥራ የሚነካ የለም። ኮምፒውተሯን እዚያው ዘረጋች። የአንዲት ጀልባ ወሬ ሲለወጥ የዚያች ጀልባ መስመር ብቻ እንዲታደስ አዘዘች፤ በገጹ ያለው ረጅም የጉዞ ሰሌዳም ሰው ካልከፈተው እንዳይዘጋጅ አደረገች። ሴሚሲ ምን እየሠራሽ ነው አሏት።

"ገጹን ስንፍና እያስተማርኩት ነው። ያልተጠራ እንዳይነሳ።"

"እሱማ ከእናትሽ ወገን የመጣ ነው።"

ከቤት ውስጥ እናቷ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

ስልኩን መልሳ ሰጠቻቸው። ድምፁ ኤኡዋን አለፈ፣ ሃአፓይን፣ ቫቫኡን፣ የወደቡን ስልክ ቁጥር። ከዚያ "ባሕሩን ላሳየኝ ለአባቴ፣ ለሴሚሲ" አለ።

ሴሚሲ ስልኩን ደረታቸው ላይ አሳረፉት።

"ይሄ መቼ ነው የተጻፈው?"

"የመጀመሪያው ቀን። ሰምተህ ዝም ያልከኝ መስሎኝ አኩርፌህ ነበር።"

እጃቸውን ሰደው ፊቷን ፈለጉ፤ እንባዋን በአውራ ጣታቸው ጠረጉላት። ከዚያ ስልኩን ወደ እሷ ዘረጉ።

"በይ፣ አሁን ከመጀመሪያው አስጀምሪልኝ።"