ሁለት እኩል ወንበር

«ጋሼ፣ አንተ ውጭ ጠብቀን።»

ይህን ያለችው ታናሽ እህቱ ናት። አምና፣ የኮሌጅ ፈተና ሊጀመር ሲል፣ ሰኞ ጠዋት፣ በገዛ ልጁ ፊት። አሁን ሞታ፣ በእሷው ሳሎን፣ በራሱ እጅ በሠራው ሶፋ ላይ ለቅሶ ተቀምጦ እንኳ ሶፋ ሠሪው ቃሏን አልረሳም።

«ፈጣሪ ያጽናህ» ይሉታል።

«አሜን» ይላል። በጆሮው ግን ያቺው ናት፤ ውጭ ጠብቀን።

ለቀስተኛው ይገባል፣ ይወጣል። ሻይ ይዞራል። ልጁ ጥግ ላይ ኩርምት ብላ የቀዘቀዘ ብርጭቆ ታቅፋለች። አክስቷን መኪና ከገጫት ወዲህ እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም። ከሶፋ ሠሪው ፊት ለፊት የራሱ የአክስት ልጅ፣ ጡረታ ወጥቶም «ዳይሬክተሩ» መባሉ ያልቀረለት፣ ወደ ጎረቤቱ ጠጋ ብሏል። እሱ ሹክ አልኩ ሲል መንገድ ድረስ ይሰማል።

«ልጅቷ አምና ትምህርት ያቋረጠችው በታይፎይድ ነው አሉ።»

«ዓመት ሙሉ? ምን ዓይነት ታይፎይድ ነው እሱ!»

ሶፋ ሠሪው አንገቱን ደፋ። ታይፎይዱን የፈጠረው ራሱ ነው። ልጁ ክፍል መግባት አቅቷት፣ እህል አልወርድ ብሏት፣ ግድግዳ እያየች ስታለቅስ ስትውል ለሰው ምን ይበል? ታይፎይድ ያባት ነው፤ አያሳፍርም።

የሟቿ ሥራ ደግሞ ይኸው ነበር። ኮሌጁ ውስጥ የተማሪዎች አማካሪ ነበረች። የጨነቀውን፣ የከፋውን፣ መኖር የታከተውን ልጅ በር ዘግታ ታዳምጣለች።

«ተቀምጦ ወሬ መስማትም ደሞዝ አለው?» ይላት ነበር ወንድሟ።

«ሞክረዋ ጋሼ! ቆዳ ከመወጠር ይከብዳል» ትለዋለች እየሳቀች።

በልቡ ይኮራባት ነበር። እሱ ከሰባተኛ ክፍል ወጥቶ መጋዝ የጨበጠው እሷ እንድትማር ነው። ቢሮ ሲሰጧት «ሁለት እኩል ወንበር ሥራልኝ» አለችው። እኩል ማለት ምንድነው? የተማሪውን ዝቅ፣ የእሷን ከፍ አድርጎ ሠራ፤ ደህናውንም ቆዳ ለእሷኛው አለበሰ። የተማረ ሰው ከፍ ብሎ ይቀመጥ እንጂ!

ያን ሰኞ ልጁን ይዞ ቢሮዋ ሲገባ መጀመሪያ ያየው የእሷን ወንበር እግሮች ነው። ተቆርጠዋል። ያውም አንዱ አጥሮ ካርቶን ተወትፎበታል። ይህን ሳይውጥ፣ እህቱ ልጁን «መቼ ጀመረሽ?» ብላ ስትጠይቅ እሱ ሊመልስላት አፉን ሲከፍት፣ ውጭ ጠብቀን ተባለ። አልጠበቀም። በዚያው ወጥቶ ሄደ። ልጅቷ ብቻዋን ተመለሰች፤ ከዚያም በኋላ ብቻዋን ስትመላለስ ከረመች። እህቱ ስትደውል ስልክ አላነሳም። አንድም ቀን።

ከምሳ በኋላ አንዲት ሴትና አንድ ረጅም ተማሪ ያንኑ ወንበር ተሸክመው ገቡ። ሴትዮዋ የሟቿ የሥራ ባልደረባ ናት። «የግሏ ስለሆነ ለቤተሰብ እንመልስ ብለን ነው» አለች።

ዳይሬክተሩ ጎንበስ ብሎ እግሮቹን አየ። «ይሄን ደግሞ የትኛው አናጺ ነው የሠራው?»

አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። የሶፋ ሠሪው ጆሮ ጋለ።

«እሷ ናት የቆረጠችው» አለ ተማሪው። «መጀመሪያ ቀን ስገባ ቀና ብዬ ነበር የማያት። አባቴ ፊት የቆምኩ መሰለኝ፤ ቃል አልወጣኝም። በሳምንቱ ስመለስ ወንበሯ ዝቅ ብሎ ዓይን ለዓይን ተያየን። ይሄን የመሰለ ወንበር ለምን አበላሸሽው ስላት፣ ‹ወንድሜ ባለሙያ ነው፤ ሲያየው ይገባዋል› አለችኝ።»

ሶፋ ሠሪው አይቶት ነበር። አልገባውም።

ሴትዮዋ ወደ ልጅቷ ጎንበስ አለች። «ዘጠኝ ሰዓት ላይ በእሷ ቦታ እኔ አለሁ ብዬሽ ነበር። ትመጫለሽ?»

ልጅቷ አባቷን አየች። «ከለቀስተኛ መሀል ተነሥቼ? ሰው ምን ይላል?»

ቃሉ የእሱ ነው፤ ያስተማራት እሱ ነው። ፊቱን የት እንደሚያደርገው ጠፋው።

ተነሣ። «ጫማሽን አድርጊ» አላት።

«ወዴት ነው አባዬ?»

«ወደ ቀጠሮሽ። ወንበሩም ወደ ቢሮው ይመለስ። እኔ ውጭ እጠብቅሻለሁ።»

ወንበሩን ብድግ አድርጎ ትከሻው ላይ ጣለው። ካርቶኗ ወለሉ ላይ ወደቀች።

«ለቅሶ ጥለህ ወንበር ተሸክመህ ወዴት ነው?» አለ ዳይሬክተሩ፣ ቤቱ ሁሉ እየሰማ። «ለመሆኑ ልጅቷ ምንድነው ያመማት?»

ሶፋ ሠሪው ወንበሩን እንደተሸከመ ጎንበስ ብሎ ካርቶኗን አነሣ፤ በመዳፉ አቧራዋን ጠርጎ ደረት ኪሱ ከተታት። ልጁን አስቀድሞ ወጣ።