ባልካንከር

አጁሉ ጠዋት ስልኳን ስትከፍት ከባሏ ከኦቻንግ ፎቶ ተልኮላት አገኘች። ሰላምታ የለው፣ ማብራሪያ የለው፤ ሆላንድ ካለ ሐኪም ቤት የተሰጠ ወረቀት ብቻ።

ኦቻንግ እዚያ የግንባታ ሠራተኛ ነው። እሷም ልትከተለው ኤምባሲ ለሚሰጠው የደች ቋንቋ ፈተና ጋምቤላ ሆና ታጠናለች። ከወረቀቱ አብዛኛው አልገባትም። አንድ ረጅም ቃል ግን ዓይኗን ያዘው። እንደ ልማዷ ደብተሯ ላይ በአማርኛ ፊደል ጻፈችው፦ ባልካንከር።

ካንከርን ታውቀዋለች። ባለፈው ሳምንት ከበሽታ ስሞች ጋር ያጠናችው ነው፤ ካንሰር። ባል በደችኛ ኳስ ማለት እንደሆነ ብታውቅም ጆሮዋ የሰማው የአማርኛውን ባል ነበር። የባል ካንሰር።

ደወለች። ዝግ ነው። ደግማ ደወለች። ዝግ።

ባጃጅ ይዛ ወደ መምህሯ ወደ ጌዴዎን ቢሮ በረረች። ጌዴዎን ሆላንድ ሁለት ዓመት መስኖ ተምሮ የተመለሰ ሰው ነው። ሹፌሩ “እህቴ፣ አመመሽ እንዴ?” ቢላት “ብቻ ፍጠንልኝ” አለችው። ለኦቻንግ እናት ምን ብዬ ልንገራት? የምታስበው ይህንኑ ብቻ ነበር።

“እስኪ አንብቢው” አላት ጌዴዎን ቃሉን ስታሳየው።

“ባልካንከር” አለች፣ “ካን” ላይ ጫን ብላ።

“ያለ ቦታው ቆረጥሽው። ባልክ፣ ከዚያ አንከር። የተጣበቁ ሁለት ቃላት ናቸው፤ ጫን የምትዪው የመጀመሪያው ላይ ነው። ፊደላችን ‘ክ’ን እና ‘አ’ን ‘ካ’ አድርጎ አሳሳተሽ።”

“በሽታ አይደለም?”

“ባልክ ጣሪያ የሚሸከም አግዳሚ እንጨት ነው። አንከሩ ከግድግዳው ጋር የሚያስረው ብረት።”

ወንበሩ ላይ ዘፍ ብላ አለቀሰች። ወዲያው ግን ቀና አለች።

“ታዲያ ብረት ሐኪም ቤት ወረቀት ላይ ምን ይሠራል?”

ጌዴዎን ወረቀቱን እስከ መጨረሻው አነበበ። እሷ ከንፈሩን ታያለች።

“ብረቱ ወድቆበታል። ቀኝ ትከሻው ተሰንጥቋል። ቀዶ ጥገና አያስፈልገውም ይላል።”

“እባክዎ ይድገሙልኝ።”

ደገመላት። ገና ሳይጨርስ ስልኳ ጮኸ። ኦቻንግ ነበር።

“እጄን አስረውት መጻፍ አቃተኝ፤ ባትሪውም አለቀብኝ” አላት በአኙዋክኛ። “አስደነገጥኩሽ?”

“ቪዲዮ ክፈት” አለችው።

ከፈተ። ፊቱን፣ ትከሻውን፣ የታሰረውን ክንዱን አንድ በአንድ አየች። አንገቱን እንዲያዞር አዘዘችው፤ ጀርባውንም። ደህና መሆኑን ዓይኗ ቢያይም “ትከሻህን እንደገና አሳየኝ” አለችው።