በነጠላ ጫፍ የተቋጠረው አመድ

እናቴ በለጠች በእኛ አገር ስሟ እንደ ጻድቅ ይነሣ ነበር። ከቡሬ ወጣ ባለው ቀበሌያችን፣ አባቴ ቄስ ያረጋል በሚያገለግሉበት ሚካኤል፣ እሷን የሚያህል እምነት የሚወድ አልነበረም። እምነት የምንለው የማዕጠንቱን አመድ ነው፤ ለበረከት ግንባር ይቀቡታል፣ በጸበል በጥብጠውም ይቀምሱታል። ሌላው ሰው ቆንጠር ካደረገ ይበቃዋል። እማዬ ግን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራው ትዞራለች፤ አረም ላይም ሆነ ገበያ መንገድ ላይ ፈታ ታደርግና ትቅማለች። እየዘገኑ የሚሰጧት አባዬ ራሳቸው ናቸው። ሴቶቹን ሲገሥጹም "እንደ በለጡ ሁኑ" ይሉ ነበር።

እኔ ፍኖተ ሰላም አስተማሪ ነኝ፤ ትዕግሥት የሚባል አልተሰጠኝም። በፍልሰታ ልጠይቃቸው ሄጄ እማዬን ሳያት ደነገጥሁ። ከንፈሯ ነጥቷል፤ ከጓሮ ቤት እስክትደርስ መንገድ ላይ ቁጭ ብላ አረፈች። "ጾሙ ነው" አለችኝ። ጾሙማ በየዓመቱ አለ! ተጨቃጨቅን፣ ተቆጣሁ፣ አለቀስሁ፤ በማግስቱ ፍኖተ ሰላም ሐኪም ቤት ወሰድኋት።

ሐኪሟ ህይወት የምትባል፣ ነገር የማታንዛዛ ወጣት ናት። የእማዬን የዓይን ቆብ ገለጥ አድርጋ አየች፤ ደም አስመረመረች። ውጤቱ ሲመጣ ወንበሯን አስጠጋች።

"ደምዎ በጣም አንሷል እማማ። የወር አበባዎ እንዴት ነው?"

እማዬ እኔን አየች፣ መሬቱን አየች። "ይበዛል። ከዓመታት ወዲህ ይበዛል። ሴት ሁኘ ምን ላደርግ ብየ ዝም አልሁ።"

"አፈር ወይም አመድ ያምርዎታል?"

ያን ጊዜ እናቴ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳብ አድርጋ ማልቀስ ጀመረች።

"ማን ነገረሽ ልጄ? ሰው ጽድቅ ይመስለዋል፤ እኔ አምሮኝ ነው የምበላው። ሲያልቅብኝ የግድግዳውን ጭቃ ፍቄ እበላለሁ። ጾም ሳይፈታ እበላለሁ። የተቀደሰውን ነገር ለሆዴ አደረግሁት፤ በዚህ አፌ እንዴት ልቁረብ? ከፋሲካ ወዲህ ባለቤቴን ቄሱን 'ደም ይፈሰኛል' እያልሁ ከቁርባን እሸሻለሁ። ይኸ ድካም ቅጣቴ ነው፤ መድኃኒት አያሻኝም።"

ለሰበብ ያመጣችው የደም መፍሰስ ዋናው በሽታዋ መሆኑን እሷ አላወቀችም።

"ደም የሚሠራው አጥንትዎ ውስጥ፣ መቅኒው ላይ ነው" አለች ህይወት። "ለመሥራት ደግሞ ብረት የሚባል ንጥረ ነገር ይፈልጋል። በየወሩ የሚፈስዎ ደም ብረቱን ይዞት ሄደ። ብረት ያለቀበት ብዙ ሰው አፈር ያምረዋል፤ ለምን እንደሆነ እኛም አጥርተን አናውቅም። ሕመም ነው እንጂ ኃጢአት አይደለም። ኪኒኑን ሲወስዱ አምሮቱ ይተውዎታል፤ ደሙ የሚበዛበትንም ምክንያት ፈልገን እናክመዋለን።"

እማዬ ግን ኪኒኑን አልዋጠችም። "ቄሱ ሳይሰሙ አይሆንም" ብላ ድርቅ አለች።

ቀበሌያችን ተመለስን። አባዬ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ጠበቁን። እማዬ ከፊታቸው ቆማ፣ ግድግዳውንም ጾሙንም ሳትደብቅ ነገረቻቸው። አባዬ ቁጡ ናቸው፤ የእኔ ቁጣ ከማን እንደመጣ አገር ያውቃል። ቢቆጧት ልከላከልላት ከአጠገቧ ቆምሁ።

"ርቦሽ ነበራ" አሉ በመጨረሻ። "እኔ ደግሞ ጸሎት መሰለኝ። እየዘገንሁ የሰጠሁሽ እኔው ነኝ፣ በለጡ።"

ተነሥተው በገዛ እጃቸው ውኃ ቀዱላት።

"ጾም ነው እኮ" አለች።

"ለጾሙ እኔ እጠየቅበታለሁ። ዋጪው!"

ለኅዳር ሚካኤል ስሄድ እማዬ ከንፈሯ ቀልቷል፤ ቆርባለችም። ከቅዳሴ በኋላ አባዬ እምነቱን ሲያድሉ፣ እሷ በጣቷ ጫፍ ነክታ ግንባሯን ቀባችና "ይበቃኛል" አለች።

"በለጡ ቀዝቅዛለች" ብላ ጎረቤታችን ማሚቱ ስታንሾካሹክ ሰማሁ። ልመልስላት አፌን ስከፍት አባዬ ቀደሙኝ፤ መስቀላቸውን ይዘው ወደ ሴቶቹ ዞሩ። "እንደ በለጡ ሁኑ" ይላሉ ብዬ ነበር።

"አመድ የሚያምራት፣ አፈር የሚሸታት ሴት ካለች" አሉ፣ "ደሟ አንሶ ነው። አትፈር፤ ትንገረኝ። ሐኪም ቤት እኔ ራሴ አደርሳታለሁ።"

የማሚቱ እጅ ቀስ ብሎ ወደ ነጠላዋ ጫፍ ሄደ፣ ወደ ቋጠሮው።