የከድሩ ልብ

ቡራዩ ውስጥ የከድሩን ልብ የማያውቅ ነጋዴ የለም። ጨርቅ ሊገዛ የመጣ ደንበኛ ሜትሩ ስንት እንደሆነ ከመጠየቁ በፊት የልቡን ውሎ ይጠይቃል፤ ከድሩም ደረቱን በመዳፉ ይዞ፣ አልሐምዱሊላህ ካለ በኋላ፣ ሩብ ሰዓት ያህል ያስረዳል። ለዚህ ልብ ሲባል ቤት ውስጥ ጨው ተቀንሷል፣ ቅቤ ተከልክሏል፣ ልጆቹም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው እንዲያወሩ ተነግሯቸዋል። ቤቱን እንዲህ ቀጥ አድርጎ የሚገዛ ልብ ታሟል ብሎ ማመን ሚስቱን ኡሙልኸይርን ቢከብዳትም አመነች። ምን ታድርግ፤ ሠላሳ ዓመት ያመነችው ሰው ነው።

የእሷ ሕመም ወሬ የሚያስጀምር አልነበረም። ከሱቃቸው በላይ ወዳለው መጋዘን የጨርቅ ጣቃ ተሸክማ ስትወጣ ግራ መንጋጋዋን ጨምድዶ ይይዛታል። ላይ ደርሳ ቁጭ ስትል ይተዋታል። ጥርስ ነው ብላ አንዱን አስነቀለች። ሕመሙ አልሄደም። ሁለተኛውን የጥርስ ሐኪሙ ደህና ነው ቢላትም ግድ ብላ አስነቀለች።

ከጎናቸው የጫማ ሱቅ ያላት ላሊሴ አንድ ቀን ጉንጯን ይዛ ደረጃውን ስትወጣ አየቻት።

«አዴ ኡሙ፣ ጥርስ ደረጃ ያውቃል እንዴ?» አለቻት።

ኡሙልኸይር ሳቀች። በማግስቱ ጥርስ የሌለበት ድዷን ሲያማት ግን አልሳቀችም።

ከድሩ የልብ ሕመምተኛ የሆነው ባለፈው ዓመት በአረፋ ዕለት ነው። ምሳ ላይ የበጉን ሥጋ እንደ ጎረምሳ ከበላ በኋላ ደረቱን ይዞ ወደ ኋላው ተጋደመ። ቤቱ ተተራመሰ። ልጁ ሐምዱ መኪና አስነሳ፤ ሴት ልጁ ሲድራ እያለቀሰች ጫማውን አጠለቀችለት፤ ደግፈው ይዘውት ወጡ። ኡሙልኸይር ልትከተላቸው ስትል መንጋጋዋ ነደደ። ላብ አጠመቃት፣ የበላችውን ሁሉ አስመለሳት። ብቻዋን ጓዳ ገብታ፣ ማቀዝቀዣውን ተደግፋ፣ ወለሉ ላይ አንድ ሰዓት ያህል ተቀመጠች። ድንጋጤ ነው ብላ ራሷን አጽናናች። ከዚያ ተነሥታ ዕቃ አጠበች። እነ ከድሩ የጨጓራ ሽሮፕ ይዘው ሲመለሱ ቤቱ ጸድቶ ነበር። ምን ሆነሻል ያላት ሰው የለም።

ጨጓራ መባሉ የከድሩን ክብር ነካው። እንደ እሱ ያለ ሰው በጨጓራ አይወድቅም። ወራት ከነዘነዘ በኋላ ሐምዱ አዲስ አበባ ካለ የልብ ሐኪም ቀጠሮ ያዘለት። የዚያን ዕለት የሕንፃው ሊፍት ተበላሽቶ ነበር። ከድሩ አራት ፎቅ ስለ ልቡ እያወራ ወጣ፣ ትንፋሽ እንኳ ሳያጥረው። ኡሙልኸይር የምርመራ ወረቀቶቹን ታቅፋ ከኋላው ስትከተል መንጋጋዋን ይዛ ሁለቴ ቆመች።

ሐኪሙ ኤርምያስ የሚባል ወጣት ነው። ከድሩን ኢሲጂ አነሣው፣ በመሮጫ ማሽን ላይ አስሮጠው፣ ልቡን በአልትራሳውንድ አየው። ሲጨርስ፣ ልቡ ጤነኛ ነው፣ የሚያመው ጨጓራው ነው አለ። ከድሩ ተከራከረ። ሐኪሙም ታግሦ አስረዳው። ልብ ለራሱ ደም የሚያገኝባቸው ቀጫጭን ቧንቧዎች አሉት፤ ስኳር፣ ግፊት፣ ሲጋራና ስብ ዓመት በዓመት ያጠቧቸዋል። ሰው ሲቀመጥ የጠበበው ቧንቧ ይበቃዋል፤ ዳገት ሲወጣ ወይ ሸክም ሲያነሣ አይበቃውም፣ ያኔ ያማል።

«ሕመሙ ደረት ላይ ብቻ አይደለም» አለ። «ክንድ፣ ጀርባ፣ መንጋጋ ሊሆን ይችላል። ሲያርፉ ይተዋል። ስኳር ያለባቸው ሴቶች ደረታቸውን ጭራሽ ላያማቸው ይችላል።»

ኡሙልኸይር ስኳር ከያዛት ዘጠኝ ዓመቷ ነው።

«ዶክተር፣ እኔን መንጋጋዬን ያመኛል» አለች።

ከድሩ ዞር ብሎም አላያት። የእሷ ጥርስ ነው፣ አስነቅላለች ብሎ ስለ ደረቱ ቀጠለ። ሐኪሙ ግን ብዕሩን አስቀመጠና መቼ መቼ እንደሚያማት ጠየቃት።

«ደረጃ ስወጣ» አለች።

የእሷ ወረቀት ከኢሲጂው ሲወጣ ሐኪሙ ደጋግሞ አየው። በአልትራሳውንድም አየ። ከዚያ ወንበሩን ወደ እሷ ስቦ፣ ከዚህ በፊት ድንገተኛ የልብ ሕመም መቷት ያውቅ እንደሆነ ጠየቃት። አያውቅም አለች።

«መቶዎታል» አላት። «ከልብዎ ጡንቻ ከፊሉ ሞቷል። የቆየ ነው፣ ወራት አልፎታል። ያን ዕለት መጥተው ቢሆን ኖሮ ብዙውን እናተርፈው ነበር።»

የትኛው ዕለት እንደሆነ ለማወቅ ማሰብ አላስፈለጋትም። መኪናው በር ላይ ነበር፤ የኋላው ወንበር ላይም ቦታ ነበር። ጨጓራው ሐኪም ቤት ሄደ፣ ልቧ ዕቃ አጠበ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ የእሷ ዝምታ ግን ነቅዟል፣ ያውም ልቧ ውስጥ። አለቀሰች፤ ያስለቀሳት ሞት አይደለም፣ ንዴት ነው። ሐኪሙ አስፕሪንና ሌሎች መድኃኒቶች አዘዘላት፣ ሸክም ከለከላት፣ ቧንቧዎቿን በቀጭን ቱቦ ገብቶ የሚያይ ምርመራ እንደሚያስፈልጋት ነገራት።

ቤት ሲደርሱ ልጆቹ አባታቸውን ከበው ምን ተባልክ አሉት። ኡሙልኸይር ቀድማ ነገረቻቸው፤ የአባታችሁ ልብ ደህና ነው፣ የሞተው የእኔ ነው አለች። ሲድራ አፏን በእጇ ይዛ ወደ እናቷ ስትራመድ ከድሩ ሶፋው ላይ ተዘርሮ ደረቱን ያዘ።

«ልቤን» አለ።

ሲድራ መንገዷን ቀይራ ወደ እሱ ሮጠች።

«እማ፣ ውሃ አምጪለት» አለች ሳትዞር።

ኡሙልኸይር ጓዳ ገብታ ውሃ ቀዳች። ይዛው መጥታ መሐላቸው ቆመች፣ ከቦርሳዋ አስፕሪኗን አወጣች፣ ዋጠችና ብርጭቆውን እስከ ታቹ ጠጣች።

«የአባታችሁ ጨጓራ ነው» አለች። «ውሃው ጓዳ አለ።»

ከዚያ ተቀመጠች። ሐምዱ እናቱን አያት፣ አባቱን አየ፣ ወደ ጓዳም ሮጠ። ውሃውን ያመጣው ለአባቱ ነበር።